እምቢ ማለት ስንት ያስከፍላል? የሄንሪ ስተርንን መጽሐፍ ነታንያ ላይ ሆኖ ማንበብ

አያቴ የሚኖሩት እዚህ ነታንያ፣ ሄፍጺባ ሰፈር ነው። አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም፤ ዕብራይስጣቸው ደግሞ ከ«ሻሎም» እና ከ«ቶዳ» ብዙም አያልፍም። ባለፈው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ ከረከቦታቸው ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠ ቀጭን የአማርኛ መጽሐፍ አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ የዳዊት ኮከብ አለ። ገለጥ ሳደርገው ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ኢየሱስ አዳኝ መሆኑን የሚሰብክ ነው።

ማን እንደሰጣቸው ስጠይቃቸው አልደበቁኝም።

«ያቺ ደግ ልጅ ናት። ከቢቱአህ ለኡሚ የሚመጣውን ወረቀት የምታነብልኝ። የሐኪም ቀጠሮዬንም ደውላ የምታስይዝልኝ እሷው ናት።»

«ታዲያ ለምን ተቀበሏት?»

«እንዴት እምቢ ልበላት የኔ ልጅ? ነገ ደብዳቤዬን ማን ያነብልኛል?»

በፌስታል የጠቀለሉት ደግሞ የእግዚአብሔር ስም ስላለበት ነው። የእግዚአብሔር ስም ያለበት ነገር አይጣልም አሉኝ።

መጀመሪያ የተናደድኩት በሴትየዋ ነው። «የአሮጊትን ችግር አይታ ገባች» አልኩ በሆዴ። አውቶቡስ ላይ ስሳፈር ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። እኔ የምኖረው ከአያቴ ቤት ሃያ ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ነው። ማስተርሴን እየተማርኩ ነው፤ በዕብራይስጥ መቶ ገጽ ሴሚናር እጽፋለሁ። የአያቴን ደብዳቤ ካነበብኩ ግን ወራት አልፈዋል። ሴትየዋ የገባችው እኛ ክፍት ትተነው በሄድነው በር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የመጣው ከዚያ ነው። አንድ ሰው እምነቱን ለሌላ ሰው ሲሰብክ፣ መከባበር አለ ወይስ የለም የሚባለው በምን ይለካል? በሰባኪው ቅንነት ነው? ሴትየዋ ቅን እንደሆነች አልጠራጠርም። እኔ ግን መለኪያው ሌላ ይመስለኛል። ሰሚው «እምቢ» ቢል ምን ያጣል? ምንም የማያጣ ከሆነ ንግግር ነው። ደብዳቤ የሚያነብለትን ሰው የሚያጣ ከሆነ ግን ሌላ ስም ያስፈልገዋል።

ስተርን ያየውና ያላየው

በዚያው ሰሞን ለሴሚናር የማነበው የሄንሪ አሮን ስተርንን መጽሐፍ ነበር። በአቢሲኒያ ፈላሾች መካከል ያደረገውን ጉዞ የሚተርክ፣ በ1862 ለንደን ላይ የታተመ መጽሐፍ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «ፈላሻ» የሚለው ቃል ለእኛ ስድብ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የመጽሐፉ ቃል ስለሆነ ብቻ ነው የጠቀስኩት።)

ስተርን የተወለደው ጀርመን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። በወጣትነቱ ለንደን ሄዶ ተጠመቀ፤ ከዚያም በ1809 የተቋቋመው፣ በአይሁድ መካከል ክርስትናን የሚሰብከው የለንደን ማኅበር ሚስዮናዊ ሆነ። ባግዳድና ቁስጥንጥንያ ላይ ከሠራ በኋላ ማኅበሩ ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮች ላከው።

መጽሐፉን ስጀምር ስድብ ነበር የጠበቅሁት። ያገኘሁት ግን ምስጋና ጭምር ነው። አባቶቻችን ንጹሕ፣ ሥራ ወዳድ፣ በሥነ ምግባር የታነጹና አምላክን የሚፈሩ እንደሆኑ ይጽፋል። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን አይቷል። በ1860 አካባቢ መንደሮቻችን ምን ይመስሉ እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ይህን መጽሐፍ መዝለል አይችልም፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ፍትሕ አይሆንም።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? ምስጋናው ራሱ ላይ ነው። ስተርን ንጽሕናችንን ያደንቃል። ያ ንጽሕና ግን ከየት መጣ? ከሥርዓቱ ነው። በወንዝ ዳር ከመስፈር፣ ከባዕድ ጋር ተነካክቶ ከተመለሱ በኋላ ከመታጠብ፣ ሴቶች በደማቸው ጊዜ ከሚቆዩበት የመርገም ጎጆ፣ ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» እያሉ ከሚቀልዱበት ልማድ የመጣ ነው። ያን ሥርዓት የጠበቁት ቄሶችና መነኮሳት ናቸው። ስተርን ደግሞ መነኮሳቱን ከመንገዱ መነሣት ያለበት እንቅፋት አድርጎ ነው የሚያያቸው። ፍሬውን እያመሰገነ ዛፉን ሊቆርጥ መጣ ማለት ነው። ይህ ስድብ ከሚያወርድ ሰው ይልቅ ለማየት የሚከብድ ነገር ነው፤ የሚያመሰግንህን ሰው ምን ትለዋለህ?

ሁለተኛው ነገር የክርክሮቹ አጻጻፍ ነው። ስተርንና የእኛ ሰዎች ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ይከራከራሉ፤ ብዕሩን የያዘው ግን አንደኛው ወገን ብቻ ነው። የቄሶቻችን መልስ ወደ እኛ የደረሰው በተቃዋሚያቸው እንግሊዝኛ ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ስታነቡ አንድ ነገር አስተውሉ። ሰባኪ ሲጽፍ የሰሚውን ዝምታ እንደ ሽንፈት መቁጠር ይቀለዋል። በአያቶቻችን ቤት ግን ዝምታ ብዙ ትርጉም አለው። አንዳንዴ ለእንግዳ የሚደረግ ክብር ነው። አንዳንዴ ፍርሃት ነው። አንዳንዴም «ቡናውን ይጠጣና ይሂድ» ማለት ነው።

ፍርሃት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስተርን ወደ መንደሮቹ የሄደው እንደ ተራ መንገደኛ አልነበረም፤ የአፄ ቴዎድሮስንና የአቡነ ሰላማን ፈቃድ ይዞ ነው። ፈቃዱም ቅድመ ሁኔታ ነበረው። የሚያምኑት ሰዎች የሚጠመቁት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንጂ ሚስዮናውያኑ በሚያቋቁሙት ሌላ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። እንግዲህ አስቡት። በአንድ በኩል የንጉሡና የጳጳሱ ፈቃድ ያለው ፈረንጅ ተቀምጧል። በሌላ በኩል አብዛኛው ርስት የሌለው፣ በጭሰኝነት የሚያርስ፣ ብረት በመቀጥቀጡ «ቡዳ» የሚባል ሰው ተቀምጧል። ይህ በሁለት እኩል ሰዎች መካከል የተደረገ የሐሳብ ልውውጥ ነው ማለት ይቻላል?

መጽሐፉ በታተመበት በ1862 ጭቅጭቁ እስከ ቤተ መንግሥት ደረሰ፤ የሃይማኖት አባቶቻችን በንጉሡ ፊት ቆመው ከሚስዮናውያኑ ጋር ተከራከሩ። በዚያው ዓመት ደግሞ አባ መሐሪ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀመሩ፤ ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው። ትግራይ ላይ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው። የታሪክ ጸሐፊዎች የዚያን ጉዞ ምክንያት በአንድ ነገር ብቻ አይገልጹትም፤ የስብከቱ ጫና ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል። «እምቢ» በአፍ ማለት ሲከብድ ሰው በእግሩ እምቢ ይላል። እነዚያ ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ነፍሳቸውን ነው።

የስተርን የራሱ መጨረሻ ደግሞ ያሳዝናል። በመጽሐፉ ውስጥ የቴዎድሮስ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚለውን ወሬ ጽፎ ነበርና ይህ ንጉሡ ጆሮ ደረሰ። በ1863 ተይዞ ታሰረ። የጄኔራል ናፒየር ጦር በሚያዝያ 1868 መቅደላ እስኪደርስ ድረስ ነጻ አልወጣም። በኃይለኛ ፊት የተነገረ አንድ ቃል ምን ያህል እንደሚያስከፍል በሰንሰለት ተማረ። የቄሶቻችን ቃል ምን ሊያስከፍላቸው እንደሚችል ግን የ1862ቱ መጽሐፍ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም። የኔ ዋና ትችት ይህ ነው።

ርስት፣ ሹመት፣ ፊደል፣ እንጀራ

ነገሩ ግን በፈረንጅ አልተጀመረም። ከ1414 እስከ 1429 የነገሡት አፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን ብለው እንዳወጁ በትውፊት ይነገራል። «ፈላሻ» የሚለውን ስም ከዚህ ጋር የሚያያይዙት ብዙ ናቸው። ያኔ የእምቢታ ዋጋ መሬት ነበር።

በ1878 ደግሞ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ማግሥት አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎን ሙስሊሞች ወደ ክርስትና እንዲገቡ አስገደዱ። የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት እሳቸው ናቸው። እምቢ ያለ ሹመቱን ያጣል፤ ብዙዎችም አገር ለቀው ተሰደዱ። «አገራችን ውስጥ ሁሉም ተከባብሮ ነበር የሚኖረው» የሚለውን ወሬ ቡና ላይ ስንሰማ ይህንንም አብረን ማስታወስ አለብን። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር መከባበሩ እውነት ነው፤ አያቴም ስለ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። መንግሥት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሚስዮናውያኑ ያመጡት ከመሬትና ከሹመት የተለየ ነገር ነው፤ ፊደል። የእኛ ኦሪት በግዕዝ የተጻፈ፣ በቄሶች እጅ የሚገኝ ነበር። በአቡ ሩሚ የተተረጎመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በ1840 ሙሉው ታትሞ ወጣ፤ የለንደኑ ማኅበር ሰዎችም ይህን መጽሐፍ ይዘው መንደር ለመንደር ዞሩ። የስተርን ባልደረባ ማርቲን ፍላድ ደምቢያ ውስጥ ጀንዳ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። ማንበብ የፈለገ ልጅ የት ይሂድ? የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ታሪኩ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። በ1923 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት የመሩት ታምራት አማኑኤል ናቸው። ታላቅ ምሁራችን የምንላቸው እኚህ ሰው በልጅነታቸው የተማሩት አሥመራ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ዣክ ፋይትሎቪች ያገኛቸው እዚያ ነው፤ ወደ አውሮፓም ወሰዳቸው። ከዚያ በፊት በ1867 ጆሴፍ አሌቪ ከፓሪስ ወደ መንደሮቻችን የተላከው የሚስዮኑ ሥራ የአውሮፓን አይሁድ ስላስደነገጠ ነው። አሌቪ «እኔም ወገናችሁ ነኝ» ሲላቸው ነጭ ፈላሻ አለ ብለው ማመን አቅቷቸው እንደነበር ጽፏል። ሚስዮኑ ሊወስደን በመጣበት መንገድ ነው የዓለም አይሁድ እኛን ያወቀን። ይህን መካድ ታሪክን መቁረጥ ይሆናል።

ከ1888 እስከ 1892 ክፉ ቀን መጣ። ከብቱ አለቀ፣ እህሉ ጠፋ፣ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። በዚያ ዘመን ሃይማኖቱን ለቆ የወጣው ሰው ሁሉ በክርክር ተሸንፎ ነው ብሎ የሚያምን አለ? ልጅ ሲራብ የእምቢታ ዋጋ እንጀራ ነው።

ከዚህ ሁሉ የማወጣው መለኪያ ቀላል ነው። ስጦታ ስጦታ የሚሆነው «እምቢ» ከተባለ በኋላም ስጦታ ሆኖ ከቀረ ነው። ትምህርት ቤቱ ላልተጠመቀው ልጅም ክፍት ነው? እንጀራው ለማያምነውም ይቆረሳል? ሴትየዋ አያቴ መጽሐፉን ቢመልሱላት በሚቀጥለው ሳምንት ደብዳቤውን ታነብላቸዋለች?

ክርስቲያኖችም ይህን ጥያቄ ለራሳቸው ጠይቀውታል። በ2011 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ፣ የቫቲካን የሃይማኖቶች ውይይት ጽሕፈት ቤትና የዓለም ወንጌላውያን ኅብረት አንድ ሰነድ አብረው አወጡ። ምስክርነት መስጠት የእምነታቸው ክፍል መሆኑን ይናገራል፤ ሰውን በድህነቱ ገብቶ በገንዘብና በጥቅም ማማለልን ግን ያወግዛል። በ2015 ቫቲካን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በአይሁድ ላይ ያነጣጠረ የተቋም ስብከት እንደማታካሂድና እንደማትደግፍ በጽሑፍ ገለጸች። በ1992 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጆርጅ ኬሪ፣ ስተርንን የላከው የዚያው ማኅበር የበላይ ጠባቂ አልሆንም አሉ፤ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ወዲህ እንዲህ ያሉ የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ ናቸው። ስለዚህ «ክርስቲያን ሁሉ ሊያጠምደን ነው» የሚለው የሰፈራችን ወሬ ልክ አይደለም።

ሕጉና መስታወቱ

አገራችን እስራኤል ስለዚህ ጉዳይ ሕግ አላት። በ1977 ክኔሴት ባወጣው ሕግ መሠረት ሰውን ሃይማኖት ለማስቀየር ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም የሚሰጥ እስከ አምስት ዓመት፣ የሚቀበል ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። ሕጉ ብዙ ክርስቲያኖችን አስቆጥቷል፤ እነሱን ለመጠርጠር የወጣ ነው ብለው። ሐሳቡ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። የሚቀጣው ጉቦውን ነው እንጂ ንግግሩን አይደለም። ሰው ስለ እምነቱ መናገር ይችላል፤ እምነትን መግዛት ግን አይችልም።

በ2023 ሁለት የክኔሴት አባላት ሌላ ረቂቅ አቀረቡ፤ ሰውን ሃይማኖት እንዲቀይር በቃል ብቻ መወትወት እንኳ በእስራት እንዲያስቀጣ የሚል ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንደማይገፉበት ተናገሩ፤ ቀረ። ብዙ ጓደኞቼ ረቂቁን ደግፈውት ነበር። እኔ አልደገፍኩትም። ከጥቅም ወደ ቃል የተሻገረ ሕግ ነገ የእኛንም ቄስ አፍ ይዘጋል። ብዙ እምነት ባለበት አገር ሰው ሁሉ ዝም እንዲል መጠየቅ አይቻልም። መጠየቅ የሚቻለው ሰሚው በነጻነት «አልፈልግም» ማለት እንዲችል ነው።

አሁን ደግሞ መስታወቱን ወደ ራሳችን እናዙረው። ይህን ክፍል ስጽፍ እጄ ከብዶኛል።

በሙሴ ዘመቻ የመጡት ወገኖቻችን ምን ጠበቃቸው? ራባኑቱ አይሁድነታቸው «ለጥንቃቄ» እንዲታደስ ጠየቀ፤ ምቅዌ ገብተው ካልጠለቁ የጋብቻ ምዝገባ የለም ተባለ። በ1985 ወላጆቻችንና አያቶቻችን ኢየሩሳሌም ውስጥ በዋናው ራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ስተርን ሊለውጠው ያልቻለውን ሕዝብ ወንድሞቹ «እስቲ እንደገና ግባ» አሉት። የዚያን ጊዜ የእምቢታ ዋጋ ጋብቻ ነበር።

እኛ ነታንያዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ የምንኮራበት ነገር አለን። የከተማችን ዋና ራቢ የነበሩት ራቢ ዳዊት ሸሉሽ የቤተ እስራኤልን ጥንዶች ያን ቅድመ ሁኔታ ሳይጠይቁ ያጋቡ ነበር፤ በ1989ም ለማኅበረሰባችን ጋብቻ መዝጋቢ ሆነው ተሾሙ። እናትና አባቴ በራሳቸው ከተማ ተከልክለው ወደዚህ መጥተው የተጋቡት በእሳቸው ዘመን ነው። የሠርጋቸው ፎቶ አያቴ ሳሎን ተሰቅሏል። እዚህ ከተማ የቀሩትም በዚያው ምክንያት ነው። እኔ ነታንያዊት የሆንኩት አንድ ራቢ እምቢታን ከጋብቻ ጋር ስላላያያዙ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ግን የእኛው ማኅበረሰብስ? በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ መጣ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው የተጠመቁባቸው ቤተሰቦች ግን ቀሩ። «ፈላሽ ሙራ» የሚለውን ስም እነሱ አይወዱትም፤ «ዘረ ቤተ እስራኤል» ነን ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ አንዳንዱ ጎንደርና አዲስ አበባ ላይ አሥርና ሃያ ዓመት ጠብቋል። በእስራኤል ዓለት (ጹር እስራኤል) ዘመቻ ከታኅሣሥ 2020 እስከ መጋቢት 2021 ድረስ 2,000 ያህል መጡ። የሚመጡት በመመለስ ሕግ አይደለም፤ ከመጡ በኋላም ጊዩር ይማራሉ።

ከአያቴ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ከጎንደር የመጡ አንድ እናት አሉ። ስለ ስተርን መጽሐፍ ስነግራቸው ብዙ ዝም አሉና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ ወድጄ፣ ፈቅጄ ነው ወደ አባቶቼ የተመለስኩት። ማንም አላስገደደኝም። ግን ባልፈልግ ኖሮስ ለማን እነግረው ነበር? እናቴ እዚህ፣ እኔ እዚያ።»

ይህን መልስ ቀላል አታድርጉት። ጊዩሩና የሚስዮን ስብከት አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ብዙዎቹ በእውነት መመለስ ነው የሚሉት፣ ነውም። መንግሥትም ማን እንደሚገባ መለየቱ አይቀርም። አንዳንድ ቄሶቻችን ደግሞ «እኛ መከራ ተቀብለን ጠብቀን የቆየነውን እነሱ ለጥቅም ጣሉት፤ አሁን ለጥቅም ይመለሳሉ» ሲሉ ቁስላቸው እውነተኛ ነው። ግን «ለጥቅም» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ሚስዮኑን የከሰስንበት ቃል ይሄው አይደለም እንዴ? እናትን ለማየት ሃይማኖት መመስከር ግድ ከሆነ፣ ያ ሰው ወድዶ ይሁን ሳይወድ ማንም ሊያውቅለት አይችልም። እሱ ራሱ እንኳ። የጎረቤታችን ሕመም ይህ ነው። የተመለሱበትን ፍቅር ንጹሕ አድርጎ የማሳየት ዕድል ተነፍገዋል።

የአክስቴ ልጅ

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ሳልናገረው ይህን ጽሑፍ ብጨርስ ስተርንን መተቸቴ ውሸት ይሆናል።

የአክስቴ ልጅ ከሠራዊት ከወጣ በኋላ በኢየሱስ ማመን ጀመረ። ማንም ደብዳቤ አላነበበለትም፤ ማንም ገንዘብ አልሰጠውም። ራሱ አንብቦ፣ ራሱ አስቦ ነው። ለእኔ ሲነግረኝ እዚህ ባሕሩ ዳር ተቀምጠን ነበር። አክስቴ የሰማች ቀን ለቅሶ የተቀመጠች መሰለች። ሠርግ አልተጠራም። ሲግድ ላይ አውቶቡስ ተከራይተን ወደ አርሞን ሃናጺቭ ስንወጣ ወንበር አልተያዘለትም። ሰፈር ውስጥ «ጴንጤው» ነው የሚሉት። እኔም እንደ ሌላው ዝም አልኩ።

አባቶቻችን የተጠመቀ ልጅ ሲወጣባቸው ለምን እንደ ሞት ያዩት እንደነበር ይገባኛል። ትንሽ ሕዝብ ነበሩ፤ አንድ ሰው ሲወጣ ቤት ይፈርሳል። ያ አጥር ነው እዚህ ያደረሰን። እኛ ግን ዛሬ የራሳችን መንግሥት ባለበት አገር፣ ሲግድን ክኔሴት በ2008 በሕግ ባወቀበት አገር ነው የምንኖረው። ያኔ ጋሻ የነበረው ነገር ዛሬ በአንድ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ላይ ዱላ ሆኗል። በስተርን ዘመን እምቢ ያለ ሰው የንጉሥን ፊት ያጣ ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ «እሺ» ያለ ሰው የእናቱን ቤት ያጣል። ዋጋ አስከፋዩ ተቀየረ እንጂ ዋጋው አልቀረም።

ከእሱ ጋር አልስማማም። እምነቱ ልክ ነው ብዬም አላምንም፤ ይህን በፊቱ እነግረዋለሁ፤ እሱም መልስ አለው። ስለ ኢሳይያስ ሌሊቱን ሙሉ መከራከር እንችላለን፤ ስተርንና ቄሶቻችን በእኩልነት ሊያደርጉት ያልቻሉትን ክርክር። ለዚያ ግን መጀመሪያ አንድ ቡና ላይ መቀመጥ አለብን።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ አያቴ ቤት እሄዳለሁ። ደብዳቤዎቹን እኔ ነኝ የማነበው፤ ኩፓት ሆሊም ደውዬ ቀጠሮ የማስይዘውም እኔ ነኝ። ባለፈው ወር እዚያው እያለሁ ያቺ ሴት መጣች። በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ አማርኛዋ የሚጥም ሴት ናት። አያቴ አቦሉን ቀዱላት። ከዚያ ተነሥተው መጽሐፉን ከነፌስታሉ አመጡና በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«ውሰጂው ልጄ። እኔ የአባቶቼ ይበቃኛል። ለሚያነበው ስጪው።»

ሴትየዋ ትንሽ ደነገጠች። መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ይሁን እማማ» አለች። ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ ቶናውንም ጠጣች፤ በረካውንም ጠጣች። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ መጥታለች፤ ባዶ እጇን።

ሲግድ ሊደርስ ነው። አውቶቡሱን ዘንድሮ የማስተባብረው እኔ ነኝ፤ የስም ዝርዝሩም እኔ ጋ ነው። ለአክስቴ ልጅ እስካሁን አልደወልኩለትም። አክስቴን ምን እንደምላት ገና አላወቅሁም።